የግራ እጄ ሦስት ጣቶች

ባለፈው ዓመት የሁዳዴ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ለዓመታት በርበሬና ሽሮ ከእኔ ሌላ ከማንም ገዝታ የማታውቅ አንዲት ደንበኛዬ አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ካለችው የባልትና ሱቄ መጥታ የተለመደውን ሸመተች። መልሷን ስሰጣት ዐይኗ ጣቶቼ ላይ አረፈ። ምንም አላለችም፤ ብሩን በጣቷ ጫፍ ይዛ ቦርሳዋ ውስጥ ከከተተች በኋላ ግን በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ፣ «እትዬ፣ በርበሬውን የሚያዘጋጁት ራስዎ ነዎት?» ስትል ጠየቀችኝ። «ከልጆቹ ጋር ነው» አልኳት። «እሺ፣ ጾሙን በሰላም ያስፈታን» ብላ ሄደች።

ከአፏ አንድም ክፉ ቃል አልወጣም፤ እንዲያውም ያን ቀን ከወትሮዋ ይልቅ ትሑት ነበረች። ቢሆንም ጥያቄዋ ሌሊቱን ሙሉ ሲመላለስብኝ አደረ፤ ከዚያም በኋላ ለወራት አልለቀቀኝም። የምግብ ነገር ስስ ነው፤ «ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል» የሚባለውም ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ራሴ እንደዚያ የተላላጠ እጅ ያላት ሴት ቅቤ ብታቀርብልኝ ዐይኔን ሳላሽ እንደማልገዛት አውቃለሁ፤ ስለዚህ ልቀየማት አልቻልኩም። ሆኖም በጥያቄው ውስጥ ያልገባኝ አንድ ነገር ነበረ፤ ምን እንደሆነ የተገለጠልኝም እጅግ ዘግይቶ፣ በሌላ ሰው አፍ ነው።

የእጄ ነገር የጀመረው በማሳከክ ነበር። መጀመሪያ በጣቶቼ ጎንና ጎን እንደ ጤፍ የደቀቁ፣ ውኃ የቋጠሩ ሽፍታዎች ወጡ። እነሱ ሲከስሙ ቆዳው ደረቀ፤ ከዚያ ተላጠ፤ በመጨረሻም ተሰነጠቀ። የአዳማ ነፋስ ለማንም የሚራራ አይደለም፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት ስንጥቁ እየጠለቀ ደም ያወጣ ጀመር። ስንጥቅ ለሚያየው ሰው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ በርበሬ ለሚቀነጥስ፣ ሎሚ ለሚጨምቅና ጨው ለሚዘግን እጅ ግን ትንሽ አይደለም። ሌሊት የአንሶላው ክር ስንጥቁ ውስጥ እየተያዘ ከእንቅልፌ ያነቃኝ ነበር። ጠዋት ደግሞ ጣቶቼን ለማጠፍ እንኳ አስቀድሜ ለብ ባለ ውኃ ማርጠብ ነበረብኝ። ስልኬም ሳይቀር የጣት አሻራዬን አላውቅም ማለት ጀመረ።

ከሕመሙ ይበልጥ የከበደኝ ግን ሰላምታ ነው። ወጥ በመሥራት ላይ ያለች ሴት እንግዳ ሲመጣባት እጇን ሰብሰብ አድርጋ አንጓዋን ትሰጣለች፤ የሚቀየምም የለም። እኔም ይህንኑ ልማድ አደረግሁት። ለቅሶ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ዕቁብ ላይ፣ እጄ ምንም ሥራ ሳይዝ አንጓዬን ስዘረጋ ሰው ግራ ይጋባ ነበር። ማዕድ ሲቀርብ «በልቼ ነው የመጣሁት» ማለት አበዛሁ። ከእጄ ካልጎረሱ የሚያኮርፉ የእህቴ ልጆች ነበሩ፤ እነሱንም ማጉረስ ተውኩ፤ ልጆች ናቸውና ምክንያቱን ሳይጠይቁ ለመዱት፤ ይህም በበኩሉ አሳዘነኝ። በእነዚያ ወራት ሁሉ የምመረምረው፣ የምቀባው፣ የምሸፍነውም ቀኝ እጄን ነበር። የምጨብጥበት፣ የምበላበት፣ ገንዘብ የምሰጥበት፣ በአጭሩ ሰው የሚያየው እሱ ነውና። ግራ እጄም ይቆጠቁጠኝ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ነገር ግን የሚያየው ስላልነበረ እኔም ልብ ብዬ አላየሁትም።

«ምን ቀባሽበት?»

እጄን ያየ ሁሉ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ነበር፤ «ምን ቀባሽበት?» መልሱም ሁልጊዜ ሌላ ቅባት ነበር። አንዷ ከግቢዋ ሬት ቆርጣ ታመጣልኛለች፤ ሌላዋ ለጋ ቅቤ፤ ሌላዋ ከሕፃን ልጇ ቅባት ቀንሳ። «ምች ነው» ያለችኝ ዳማከሴ አሽታ ሰጠችኝ። ጸበልም ተጠምቄአለሁ፤ እሱ በእኔና በአምላኬ መካከል ያለ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ ላይ አላነሣውም። «የቸገረው እርጉዝ ያገባል» እንዲሉ፣ የተባልኩትን ሁሉ ሞከርኩ። ደጎቹ ሰዎች ይህን ያህል ሲጨነቁልኝ፣ «እጅሽ ምን ይይዛል?» ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው እንዳልነበረ ያስተዋልኩት ኋላ ነው።

ስለ መጋባቱም ብዙ ተባለ። አንዳንዶች «እከክ ነው» አሉ፤ አንዲት ትልቅ ሴት ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የሥጋ ደዌን ስም አነሣች። ይህ ፍርሃት ከአያት ከቅድመ አያት የወረስነው ነው። አዲስ አበባ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1965 ሲቋቋም ዋና ዓላማው ይህንኑ በሽታ ማከምና ለመላው አፍሪካ ባለሙያ ማሠልጠን ነበር፤ ዛሬ በመድኃኒት የሚድን ሆኖ ሳለ ፍርሃቱ ግን ገና አልዳነም። ከሐኪም እንደተረዳሁት፣ ሥጋ ደዌ ያረፈበት ቆዳ ከሚታወቅባቸው ምልክቶች ዋናው ስሜት ማጣቱ ነው፤ እኔን ደግሞ መከራዬን ያሳየኝ ስሜቱ ነበር። እከክ ቢሆን ሌሊት ሌሊት የሚብስ፣ በጣቶች መሐልና በአንጓ ላይ የሚወጣ፣ አብሮ የሚተኛውን ቤተሰብ የሚያዳርስ ነው። በቤቴ ከእኔ ሌላ ያሳከከው ሰው አልነበረም። የእኔው ችፌ ነው፤ ችፌ ደግሞ ከሰው ወደ ሰው፣ ከእጅም ወደ በርበሬ አይተላለፍም።

ከመድኃኒት ቤት ያገኘሁት ክሬም ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የተሸጠልኝ ክሎቤታሶል የሚባለው ነበር፤ በቆዳ ላይ ከሚቀቡ የስቴሮይድ መድኃኒቶች መካከል ከብርቱዎቹ አንዱ ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ እጄን አዲስ አደረገው። ደስታዬን መግለጽ አልችልም። ባቆምኩት በሳምንቱ ግን ሽፍታው ብሶ ተመለሰ፤ እንደገና ቀባሁ፤ እንደገና ዳነ፤ እንደገና ተመለሰ። መድኃኒቱ የቆዳውን ቁጣ ያበርዳል እንጂ ያስቆጣውን ነገር ከእጄ ላይ አያነሣልኝም። እንዲህ ያለው ብርቱ መድኃኒት ያለ ልክና ያለ ክትትል ሲቀባ ቆዳን ያሳሳል፤ ሽፍታው ፈንገስ በሆነ ጊዜም መልኩን ለውጦ ሐኪሙን ያሳስታል። ይህንኑ ቱቦ ፊት ለማቅላት የሚቀቡት መኖራቸውን ስሰማ ደነገጥሁ።

ከሁሉ የማልረሳው ግን የነጭ ሽንኩርቱ ነው። የባለቤቴ አክስት «ይህ ፈንገስ ነው፤ ነጭ ሽንኩርት ይፈጀዋል» ብለው ወቅጠው አመጡልኝ። «ቀኝሽ ለሥራ ያስፈልግሻል፤ በግራው እንጀምር ልጄ» አሉና የግራ ጣቶቼን ጫፍ ቀብተው በጨርቅ ጠፍረው አሰሩልኝ። ሌሊቱ ሳይጋመስ ከሕመሙ ብዛት ተነሥቼ ፈታሁት። ቆዳው ቀልቶ፣ አብጦ፣ ውኃ ቋጥሮ ነበር። አክስታችን በማግሥቱ ሲያዩት ተደሰቱ፤ «በሽታውን እያወጣው ነው» አሉ።

«ሲሠሩ ያሳዩኝ»

ሐኪም ቤት የሄድኩት የግራ አውራ ጣቴ ስንጥቅ መግል ይዞ ካበጠ በኋላ ነው። የቆዳ ሐኪሟ ልጄ ልትሆን የምትችል ወጣት ነበረች። ከጣቴ ላይ በስለት ጥቂት ቅርፊት ፋቀችና አንድ ፈሳሽ ጨምራ በማይክሮስኮፕ አየችው፤ ፈንገስ እንዳልሆነ ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ ካርዴን ገለጥ ገለጥ አድርጋ «ሥራ፣ ነጋዴ» የሚለውን አነበበችና፣ «ምን ይነግዳሉ?» አለችኝ። ባልትና መሆኑን ነገርኳት። «እጅዎ ከጠዋት እስከ ማታ ምን ምን ይነካል?»

ይህን ጥያቄ ስሰማ መልሱ ከአፌ ቶሎ አልወጣም። እጄ ምን እንደሚነካ አስቤ አላውቅማ! አንድ በአንድ ስዘረዝርላት እኔንም ገረመኝ። የማረቆ ዛላ በርበሬ ይቀነጠሳል፤ ይሸከሸካል፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ቀይ ሽንኩርት ይላጣል፤ በሶብላና ጤና አዳም ይቀነጠባል፤ ሁሉም ተወቅጦ ከበርበሬው ጋር ይደለዛል፤ የድልዙ በርበሬ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ይገለባበጣል፤ ከቅመሙ ጋር ይታመሳል። በየመሐሉ ደግሞ እጅ ይታጠባል፤ ዕቃ ይታጠባል፤ ወለሉ በበረኪና ይጸዳል። እሷ ሳታቋርጠኝ ትጽፋለች። በመጨረሻ እስክሪብቶዋን ክዳኗን ነቅላ፣ ክዳኗን በአንድ እጄ፣ እስክሪብቶዋን በሌላው አስያዘችኝ። «ይህች ነጭ ሽንኩርት ናት ይበሉ፤ ያች ቢላዋ። ሲልጡ ያሳዩኝ።»

ሳቄ መጣ። ይሁን እንጂ እጄ ራሱ ያውቀዋልና ማሳየት ጀመርኩ። ክዳኗ በግራ አውራ ጣቴ፣ በሌባ ጣቴና በመሐል ጣቴ ጫፍ መካከል ገባች፤ እስክሪብቶዋ በቀኜ ዞረች። «እንደዚያው ይቆዩ» አለች። ቆየሁ። «አሁን ያስቀምጡትና ሁለቱን እጅዎን ገልብጠው መብራቱ ሥር ያድርጉ።»

ለብዙ ወራት እጄን ሳይ የከረምኩ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ያየሁትን ግን አይቼው አላውቅም። የቀኝ እጄ ደርቋል፤ ጀርባውና የጣቶቹ መሐል ቀልቷል፤ ተላልጧል። የጣቶቹ ጫፍ ግን ደህና ነው። የግራ እጄ ቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ምንም አልሆኑም፤ እንደ ማንኛውም ሰው ጣት ለስላሳ ናቸው። ሦስቱ ጣቶች፣ እነዚያ ክዳኗን የያዙት ብቻ፣ ጫፋቸው ወፍሮ፣ ወደ ቢጫነት አድልቶ፣ ከጥፍር ሥር እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ድረስ በጥልቅ ስንጥቅ ተከፋፍሏል። የተበላሸው ቆዳ የሚያልቀው የነጭ ሽንኩርቱ ፍሬ ከሚያርፍበት ቦታ ጋር እኩል ነው። ሐኪሟ ምንም አልጨመረችም፤ እንዳየው ጊዜ ሰጠችኝ።

ከዚያ በኋላ የነገረችኝን ባጭሩ ላስቀምጠው። ያለብኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው በሁለቱም እጆቼ ላይ ያለው ነው፤ ውኃ፣ ሳሙና፣ በረኪና፣ በርበሬና ሎሚ የቆዳዬን የተፈጥሮ ቅባት አጥበው አጥበው መከላከያ ስላሳጡት የመጣ ነው፤ ይህ በቂ ጊዜ ከተነካካ በማንም እጅ ላይ ሊደርስ ይችላል። ሁለተኛው በሦስቱ ጣቶች ላይ ያለው አለርጂ ነው። ነጭ ሽንኩርት ሲላጥና ሲቆረጥ ከሚወጡት የድኝ ውሕዶች አንዱ፣ ዳያሊል ዳይሰልፋይድ የሚባለው፣ ሰውነት አንድ ጊዜ በጠላትነት ከፈረጀው ሁልጊዜ ያውቀዋል። በብዙ አገር ምግብ አብሳዮችና የቤት እመቤቶች ዘንድ የታወቀ ነገር ነው፤ ቢላዋ በማይዘው እጅ ጣቶች ጫፍ ላይ መታየቱም መለያው ነው። በግራ እጃቸው የሚቆርጡ ሰዎች ዘንድ በቀኝ ይወጣል።

«ዕድሜዬን ሙሉ ስልጥ ኖሬ ዛሬ ነው እንዴ የሚጣላኝ?» አልኳት። «እናቴ፣ ሰውነት ብዙ ዓመት ታግሦ አንድ ቀን ነው የሚያኮርፈው» አለችኝ። ምክንያቱ ያልተገለጠልኝ ለምን እንደሆነም አስረዳችኝ። እንዲህ ያለው አለርጂ በነኩት ቅጽበት አይነሣም፤ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ ነው የሚመጣው። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እልጣለሁ፤ እጄ የሚብሰው ሰኞ ልብስ ሳጥብ ነው። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ ለልብስ ሳሙናው ሰጥቼ ዓይነቱን ስቀያይር ከርሜአለሁ።

የአክስታችንን ሕክምና ስነግራት ፊቷን ጨፈገግ አደረገች፤ ሆኖም ፍትሐዊ ነበረች። የተወቀጠ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ታስሮ ካደረ አለርጂ የሌለበትንም ቆዳ ስለሚያቃጥል፣ ያ ቁስል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም አለች። ትክክለኛው ምርመራ ተጠርጣሪዎቹን ነገሮች በጥቂቱ ጀርባ ላይ ለጥፎ ከ48 ሰዓት በኋላ አንሥቶ ማየት፣ ከዚያም ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ማየት ነው። ዮዜፍ ያዳስዞን የተባለ ጀርመናዊ የቆዳ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1895 ያስተዋወቀው ዘዴ ሲሆን፣ እስከ ዛሬም የሚሠራበት እሱ ነው። እሷ ጋ ስላልነበረ በሌላ መንገድ እንሂድ አለች፤ «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ብላ ተረተችብኝና ለስድስት ሳምንት ነጭ ሽንኩርት በእጄ እንዳልነካ አዘዘችኝ።

የደንበኛዬ ጥያቄ የገባኝ ወደ ቤቴ በባጃጅ ስመለስ ነው። እሷ የጠየቀችው እጄ በርበሬውን ምን እንዳደረገው ነበር። በርበሬውስ እጄን ምን አደረገው? ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ እኔም ብሆን።

የባለሙያ እጅ

ለምን እንዳልተጠየቀ ሳስብ ወደ እናቴ እመለሳለሁ። የእናቴ አውራ ጣት ዓመቱን ሙሉ የተሰነጠቀ ነበር፤ በስንጥቁ ውስጥ የማይጠፋ ጥቁር መሥመር ነበረው። ማታ ቅቤ ቀብታ በጨርቅ ትጠቀልለዋለች፤ ጠዋት ፈትታ ሥራዋን ትቀጥላለች። አንድም ቀን «ታምሜአለሁ» ስትል አልሰማኋትም፤ እኛም ሕመም መሆኑን አናውቅም ነበር። የእናት እጅ እንዲያ ነው ብለን ነው ያደግነው። ለወንድ ልጅ ሚስት ሲፈለግ አክስቶቻችን አስቀድመው የልጅቱን እጅ ያዩ እንደነበርም አስታውሳለሁ፤ እጇ ከለሰለሰ ባልትናዋ ይጠረጠራል። የሻከረና የተሰነጠቀ እጅ የሙያ ምስክር ነበር። ምስክር የሆነን ነገር ደግሞ ማን ያክመዋል?

ይህ የሴቶች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሐኪሟ ዘንድ ተራዬን ስጠብቅ አጠገቤ የተቀመጠ አንድ ግንበኛ መዳፉ ከእኔ የባሰ ነበር። ሲሚንቶ በባሕርዩ ቆዳን ያቃጥላል፤ በውስጡ ያለው ክሮሚየም ደግሞ እንደ እኔው ዓይነት አለርጂ ያስነሣል፤ ከተማችን ደግሞ እንደምታዩት ግንባታው አያልቅም። የፀጉር ሥራ የሚሠሩ ልጆችም ከጥቁር የፀጉር ቀለም የሚመጣ ተመሳሳይ ችግር አለባቸው። ግንበኛው የመጣው ሚስቱ አስገድዳው እንደሆነ ነገረኝ። «ሥራ ነው እንግዲህ» አለ እጁን እያገላበጠ። ይህችን አነጋገር ከስንት ሰው እንደሰማኋት! የምትዘጋውን በር ያህል የሚዘጋ ሌላ ቃል አላውቅም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ተረቱ እውነት ነው፤ ግን በእኔ ላይ የሠራው በግማሹ ነው። የደበቅሁት ቀኝ እጄን ነበር፤ እሱም መድኃኒት በሽ በሽ አግኝቷል። ምክንያቱ የተጻፈበት ግራ እጄን ከማንም አልደበቅሁትም፤ ወደ ብርሃን የሚያወጣው ነገር ግን አልነበረም። ኀፍረት የሚያየው በሰው ዐይን ነው፤ በሰው ዐይን የማይታየውን እሱም አያይም። ሐኪሟ ምንም የረቀቀ መሣሪያ አልተጠቀመችም፤ እስክሪብቶና ክዳን ብቻ ነው። ይሁንና ሥራዬን እንደ ሥራ ቆጥራ፣ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ልታውቀው የሚገባ ነገር አድርጋ ስትጠይቀኝ፣ ከሕክምናው አስቀድሞ አንድ ነገር የዳነልኝ ይመስለኛል። ይህን ስል ክሬሙን እያቃለልኩ አይደለም።

ነጭ ሽንኩርት የሌለበት በርበሬ

ስድስቱ ሳምንት አልቀው የሦስቱ ጣቶቼ ስንጥቅ ተገጠመ። ሐኪሟ በዚህ ጊዜም ስቴሮይድ ነው ያዘዘችልኝ፤ ልዩነቱ በአጠቃቀሙ ነው። ለደረቀና ለተሰነጠቀ ቆዳ ከክሬም ይልቅ ወፈር ያለ ቅባት ይሻላል፤ ማታ ማታ ብቻ ይቀባል፤ ሲሻል በአንድ ጊዜ አይቆምም፤ እየተራራቀ ይሄዳል። መጠኑንም አሳየችኝ። ከሌባ ጣት መጨረሻ መታጠፊያ እስከ ጫፉ ድረስ ከቱቦው ተጨምቆ የሚወጣው ግማሽ ግራም ያህል ሲሆን፣ ለአንድ እጅ መዳፍና ጀርባ ይበቃል። የቀረው የቫዝሊን ሥራ ነው፤ እጅ በታጠበ ቁጥር፣ ገና እርጥበቱ ሳይለቅ። ማታ በላዩ ላይ የጥጥ ጓንት አጠልቃለሁ፤ ባለቤቴ መጀመሪያ ሲያየኝ «ትራፊክ ፖሊስ ሆነሻል» ብሎ ሳቀብኝ። የጋብቻ ቀለበቴንም ሳሙናና ውኃ ሥሩ እየተጠራቀመ ቆዳውን ስለሚበላው በሥራ ሰዓት አወልቃለሁ። በርበሬ ከነካሁ በውኃ ከመሮጥ ይልቅ አስቀድሜ እጄን በዘይት አሻለሁ፤ የሚያቃጥለው ነገር በውኃ አይሟሟም፤ በቅባት ግን ይለቃል።

ጓንት አጥልቄ መላጡን እንደምቀጥል ተስፋ አድርጌ ነበር። ሆኖም ያ የነጭ ሽንኩርት ውሕድ በገበያ ያሉትን አብዛኞቹን ጓንቶች ዘልቆ ያልፋል። እጄን ያላመነ ሰው ጓንቴን እንዲያምን ማድረግ እችላለሁ፤ ቆዳዬን ግን ማታለል አልቻልኩም። ስለዚህ የሥራ ክፍፍላችንን ለወጥን። እኔ ማመሱን፣ መመዘኑንና ማሸጉን ያዝሁ፤ መላጡን የቀጠርኳት ልጅ ያዘች። ቆዳ ከላይ ሲታይ ቢድንም የውስጡ መከላከያ እስኪመለስ ወራት እንደሚፈልግ ተነግሮኝ ነበርና፣ ለፋሲካ ሥራ ሲበዛ ቀኝ እጄ እንደገና መቅላቱ ብዙም አላስደነገጠኝም። ሙሉ በሙሉ ድኛለሁ አልልም። የቆዳዬ ቁጣ ሲነሣ ለምን እንደተነሣ ማወቄ ግን እንቅልፌን መልሶልኛል።

የልጅቱ ነገር ደግሞ ያሳስበኛል። እኔን የጎዳኝን ሥራ ለሌላ ሰው እጅ አስተላልፌ ቀለል ብሎኝ መኖር ትክክል ነው ወይ? አለርጂው ለሁሉም ሰው እንደማይመጣ አውቃለሁ፤ ለማን እንደሚመጣ ግን አስቀድሞ አይታወቅም። በየሳምንቱ መጨረሻ የግራ ጣቶቿን መብራት ሥር አያለሁ። «እትዬ ደግሞ፣ ምን ልሆን ብለው ነው» እያለች ትስቃለች። እስካሁን ንጹሕ ናቸው። አንድ ቀን ግን ክንዷ ላይ የተዘረጋ ጠቆር ያለ መሥመር አየሁና፣ ነጭ ሽንኩርቱን ልጠረጥር ስል ምክንያቱ ጤና አዳም ሆኖ አገኘሁት። የጤና አዳም ጭማቂ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፤ አንዳንዴ ውኃ ይቋጥራል፤ ሲድን ለብዙ ጊዜ ጠባሳ መስሎ ይጠቁራል። ቀንጥባ ሳትታጠብ በርበሬውን ልታገላብጥ ፀሐይ ላይ ወጥታ ነበር። አሁን ጤና አዳም የሚቀነጠበው በርበሬው ከተሰጣ በኋላ፣ በጥላ ሥር ነው፤ ወዲያውም እስከ ክንድ መታጠብ ግዴታ ነው።

ለመላጡ ሥራ ደመወዟ ላይ ጨምሬላታለሁ፤ ያ ግን መፍትሔ አይደለም። በአካባቢያችን ባልትና የምንሠራ ሴቶች ተነጋግረን የነጭ ሽንኩርት መላጫ ማሽን በጋራ ለመግዛት አስበናል። ዋጋውን እያጠያየቅሁ ነው። የሐበሻው ነጭ ሽንኩርት ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ማሽኑ ሳይጨፈልቀው መላጥ መቻሉን ሳናይ ገንዘብ ማውጣት አንፈልግም። ከመካከላችን አንዷ ደግሞ «በማሽን የተላጠ ጣዕም የለውም» ብላ አሻፈረኝ ብላለች። የእሷንም የግራ ጣቶች አይቻቸዋለሁ፤ ገና አልነገርኳትም። በሚመጣው ቅዳሜ ቡና ስትጠራኝ እስክሪብቶ ይዤ ለመሄድ አስቤአለሁ።